የዶሮ ዘብ



ዶሮ ትንሽ ንብረት ናት፤ ማንም ሰው ሀብቱን ሲቆጥር ከዶሮ አይጀምርም። በሬ ያለው በሬውን፣ በግ ያለው በጉን ጠርቶ ሲጨርስ ዶሮዎቹን ሳይቆጥራቸው ያልፋል። ይሁን እንጂ ጨው ሲያልቅ፣ ሕፃን ሲታመም፣ የተማሪ ደብተር ሲጎድል እጅ የሚዘረጋው ወደ በሬው ሳይሆን ወደ ቆጡ ነው። የድኻ ቤት ባንክ የት ነው ብሎ የሚጠይቀን ቢኖር፣ ጭራ በምትበላ አንዲት ዶሮ እግር ሥር ነው ብለን እንመልስለታለን። ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ይኸው ባንክ እንዴት እንደሚዘረፍና እንዴት እንደሚጠበቅ ነው።

አንዳንዱ አንባቢ «ስደተኛ ከዶሮ ሌላ የሚጽፍበት ነገር አጣ ወይ?» ይል ይሆናል። ስለ አገር፣ ስለ ነጻነት፣ ስለ ናፍቆት በዚህች በእጅ በምትገለበጥ መጽሔታችን ብዙ ተጽፏል፤ ወደፊትም ይጻፋል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2025 ራሽኑ ከዚያ በፊት ታይቶ ወደማይታወቅ መጠን ዝቅ ባለ ጊዜ፣ በብሎካችን ጓሮ አንዲት ቄብ እንኳ ለመጀመር ያላሰበ ቤት ጥቂት ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ ዶሮ መናገር ስለ ልጆቻችን እራት መናገር ሆኗል። ዶሮዋን ሸለምጥማጥ የበላባት እናትና ካርዷ የጠፋባት እናት ኀዘናቸው አንድ ነው።

እኛ ያደግነው በመንዝ ደጋ ነው። አገሩ ብርዳም፣ እህሉ ገብስ፣ ቤቱ የድንጋይ፣ ክዳኑ የጓሳ ሣር ነው። በመምህራን ኮሌጅ ስንማር ለአብዛኞቻችን የሳሙናና የደብተር ገንዘብ የሚመጣው ከእናቶቻችን የእንቁላል ሽያጭ ነበር። እስቲ ሂሳቡን እንሥራው፤ የመምህር ነገር ሂሳብ አይቀርለትም። የአገራችን ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብትጥል ነው። ከዚያ ላይ ለማስታቀፍ 12 ወይም 15 ይቀመጣል። 21 ቀን ታቅፋ፣ የበላሸው በላሽቶ፣ 10 ጫጩት ብትፈለፍል፣ ሁለት ወር ሞልቷቸው ከእናታቸው የሚለዩት አምስት ከሆኑ እናቶቻችን «ዘንድሮስ ቀንቶናል» ይሉ ነበር። የቀሩት አምስቱ የት ሄዱ? ገሚሱን ፈንግልና ብርድ ይወስደዋል፤ ገሚሱን አውሬ። አንድን ልጅ ኮሌጅ ለማስጨረስ አንዲት እናት ስንት ጫጩት ከአውሬ አፍ ማስጣል እንዳለባት አንባቢ ራሱ ያስላው። እኛ ጠመኔ ይዘን ሰሌዳ ፊት የቆምነው በዚያ ስሌት ነው።

የዶሮ ጠላቶች እንደ ፋብሪካ ሠራተኛ በፈረቃ የሚመጡ ናቸው። የቀኑ ፈረቃ የጭላት፣ የቁራና የፋሮ ነው። ጭላት ከላይ ሆኖ ክንፉን ዘርግቶ ሲያንዣብብ ቆይቶ፣ አንዲት ጫጩት ከእናቷ ጥቂት ርምጃ የራቀች እንደሆነ ይወርዳል፤ ወርዶም መሬት ሳይቆም ይነሣል። ቁራ ችኩል አይደለም፤ አጥር ላይ ተቀምጦ የቤቱን ሰው አመል ያጠናል፤ ሴትዮዋ ውሃ ልትቀዳ የምትወጣበትን ሰዓት ከባሏ ይልቅ እሱ ያውቀዋል። ፋሮ ደግሞ በቁጥቋጦ ሥር እየተሽሎከሎከ ይመጣል። እንቁላል ያገኘ እንደሆነ ጀርባውን ለድንጋይ ይሰጥና እንቁላሉን በፊት እግሮቹ ይዞ በኋላ እግሮቹ መካከል ወደ ኋላ እየወረወረ ይሰብረዋል። ይህን ያየ ሰው አውሬ ትምህርት ቤት አልገባም ለማለት ይቸግረዋል።

የሌሊቱ ፈረቃ የሸለምጥማጥ፣ የጥርኝ፣ የአነርና የቀበሮ ነው። ዶሮ በጨለማ አታይም ማለት ይቻላል፤ አንዴ ከቆጧ ላይ ከሰፈረች ቢነኳት እንኳ ትንጫጫለች እንጂ መሸሻዋን አታውቅም። የሌሊት አውሬ ይህን ያውቃል። ከሁሉ የከፋው ሸለምጥማጥ ነው፤ ገላው ቀጭን፣ ቆዳው ጠቃጠቆ፣ ጅራቱ ረጅምና ቀለበት ቀለበት የጣለበት፣ ዛፍና ግድግዳ ለመውጣት እንደ ድመት የሚቀለው ነው። ጭንቅላቱ ከገባበት ቀዳዳ ገላው አይቀርም። ጥርኝ ከሱ ከፍ ያለና ወፍራም ነው። የጥርኝ ዝባድ በአገራችን ለብዙ ዘመን እየተሰበሰበ፣ በከብት ቀንድ እየተሞላ፣ ሽቶ ለሚቀምሙ ሰዎች ወደ ፈረንሳይ ሲላክ የኖረ መሆኑን ስናስተምር፣ ከኋላ ወንበር የተቀመጠ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ የኛን ቤት ዶሮዎች የጨረሰው ለዚህ ኖሯል?» ብሎ ክፍሉን አሥቆታል። ለከተማይቱ እመቤት ሽቶ የሆነው፣ ለባላገሯ እመቤት የዶሮ ገዳይ ነው።

እናቶቻችን ይህን ሁሉ ጠላት የሚከላከሉት ያለ ሚስማርና ያለ ሽቦ ነበር። አንደኛው ጋሻቸው ቆጥ ነው። ዶሮዎቹ ከሰው ጋር በአንድ ጣራ ሥር፣ ከፍ ብሎ በተሠራ የእንጨት ቆጥ ላይ ያድራሉ፤ በሩ በመወርወሪያ ይዘጋል፤ ጢሱ፣ የሰው ጠረንና የደጁ ውሻ አንድ ላይ ሆነው አውሬውን ያርቁታል። ሁለተኛው ቅርጫት ነው። ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ አንሥቶ እስከ አንድ ወር ያህል ቅርጫት ተደፍቶባቸው እህል ይወረወርላቸዋል። ሦስተኛው ገመድ ነው። እናት ዶሮዋን ከደጃፍ አንድ እግሯን በቀጭን ገመድ ቢያስሯት ጫጩቶቿ ከሷ አይርቁም፤ ጭላትም ከሰው ደጃፍ ድረስ ለመምጣት ሁለት ጊዜ ያስባል። አራተኛው እኛው ልጆቹ ነበርን። ወንጭፍ ይዘን ከገብሱ ማሳ ጠርዝ ተቀምጠን ሰማይ ሰማዩን እናያለን። ፊደል ከመቁጠራችን በፊት የጭላትን ጥላ ከአሞራ ጥላ መለየት ተምረናል።

ይህ ጥበብ ግን ዋጋ ነበረው። ሰውና ዶሮ በአንድ ክፍል ሲያድሩ ቅማሉና ኩሱ ለሕፃናት ደግ አይደለም፤ የጤና ሠራተኞች ዶሮ ከመኝታ ቤት እንድትወጣ የሚመክሩትም በዚህ ምክንያት ነው። ምክሩ ትክክል ነው። ነገር ግን ዶሮዋን ከቤት ያወጣ ሰው፣ ቀድሞ ግድግዳው፣ ጢሱና ውሻው በነጻ ይሠሩለት የነበረውን የዘብ ሥራ ራሱ ሊሠራው ይገባል። ብዙ ሰው የምክሩን ግማሽ ሰምቶ ዶሮዋን አወጣና ሌላውን ግማሽ ረሳው፤ የሸለምጥማጥ ሠርግ የጀመረው ያን ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ሌባው ማንነት እንምጣ። ሌባን ለመያዝ የመጀመሪያው ነገር ሌባ ያልሆነውን መለየት ነው። በመንዝ ጓሳ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በላይ በሆነው ምድር ቀይ ቀበሮ ይኖራል። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም የለም፤ ለአካለ መጠን የደረሱትም በአገሪቱ ሁሉ ተደምረው ከ500 ያንሳሉ። ምግቡ አይጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ በጓሳ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል እየተመላለሰ፣ የጭላዳዎቹን ልጆች ሳይነካ፣ አይጥ ሲያድን ይውላል፤ ብቻውን ከሚያድንበት ጊዜ ይልቅም ከነሱ ጋር ሆኖ ይቀናዋል። በግና ዶሮ የሚነካው ሌላው፣ ግራጫ መልክ ያለውና እሱንም ቀበሮ እያልን የምንጠራው ነው። እሱም ቢሆን በዚያው በ2015 የወጣ የዘር ጥናት ከተኩላ ወገን የሚመደብ መሆኑን አረጋግጧል። ሁለቱ በአንድ ስም ስለሚጠሩ ግን፣ አንዱ በበላው ሌላው ሲደበደብ ኖሯል። በስም መመሳሰል ብቻ የሚከፈል ዕዳ ምን እንደሚመስል ለዚህ ካምፕ ነዋሪ ማስረዳት አያስፈልገንም።

ካኩማ እ.ኤ.አ. በ1992 ሲቋቋም የመጡት ወንድሞችና እኅቶች ያቆዩልንን ጥላ ዛፍና ሻይ ቤት ይዘን፣ እኛ ኋላ የመጣነው ጓሮ እንጂ ቤት ሰፊ አላገኘንም። ግድግዳው የጭቃ ጡብ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ በሩ ከተቀጠቀጠ የዘይት ጣሳ የተሠራ ነው። ቆጥ የሚሰቀልበት ቦታ የለም። ስለዚህ ዶሮዎቻችን ከውጭ በሣጥንና በጎጆ ያድራሉ። የጠላቱ ዓይነትም ከደጋው ይለያል፤ ጀርባው ጥቁር የሆነው ቀበሮ ከላጋው ዳርቻ ይመጣል፤ ሸለምጥማጥ በጣራ ይመጣል፤ እባብ በግድግዳ ሥር ይመጣል፤ ደረቱ ነጭ የሆነው ቁራ ደግሞ ከገበያው ቆሻሻ ጋር አብሮን ይኖራል፤ ከኛ ቀድሞ የተመዘገበ ነዋሪ ይመስላል።

ከዚህ ቀጥሎ የምንተርከው በዞናችን የሆነ ነው፤ የባለ ጉዳዮቹን ስም መጥራት አያስፈልግም፤ የሚያውቅ ያውቀዋል። አንዲት እናት 14 ዶሮዎች ነበሯት። በአንድ ራሽን ሦስት ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት። ዶሮዎቹን ያረባችው ትልቋ ልጅዋ ለምትፈተነው ፈተና ለደብተር፣ ለዩኒፎርምና ለመብራት የሚሆን ገንዘብ ለማግኘት ነው። አንድ ቀን ሲነጋ ስትከፍት ዘጠኙ ሞተዋል፤ ሁለቱ የሉም፤ ሦስቱ ጥግ ይዘው ይንቀጠቀጣሉ። ጩኸቷን የሰማ ሁሉ ተሰበሰበ። የሰው ነገር እንደምታውቁት ነው፤ ከለቅሶው ቀድሞ ፍርዱ መጣ። «ከማዶው ብሎክ ያሉት ልጆች ናቸው» አለ አንዱ። «ማታ ሲያልፉ አይቻለሁ» አለ ሌላው። ከማዶው ብሎክ ሰዎች ጋር ቋንቋችን አይገናኝም፤ በውሃ ቧንቧው ሰልፍ ላይ ቀድሞ የነበረ ቅሬታም አለ። ፀሐይ ሳትሞቅ ወደ 20 የሚሆኑ ወጣቶች ዱላ ይዘው ቆሙ። ዱላ ከተነሣ በኋላ በዚህ ካምፕ ምን እንደሚከተል ሁላችንም እናውቃለን፤ ስለ ዶሮ የተጀመረ ነገር በሰው ይጨረሳል።

እኛ መምህራኑ ያደረግነው ነገር ቢኖር ወጣቶቹን «ከመሄዳችሁ በፊት ኑና እዩ» ማለት ነው። ስብከት አልነበረም፤ ስብከት በዚያ ሰዓት አይሰማም። «ከናንተ መካከል በገጠር ያላደገ አለ?» ብለን ጠየቅን፤ የለም። እንግዲያው የምታውቁትን ንገሩን አልናቸው። ሰው ዶሮ ሲሰርቅ ገድሎ ጥሎ ይሄዳል? አይሄድም፤ በሕይወቷ ይዞ ይሄዳል፤ ዋጋ ያላት በሕይወቷ ነውና። እነዚህ ዘጠኙ ግን አንገታቸው ላይ ተነክሰው እዚያው ተጥለዋል፤ ከአንዷ በቀር ሥጋቸው አልተበላም። ጠባብ ቤት የገባ ሸለምጥማጥ ክንፍ በተንፈራፈረ ቁጥር እየነከሰ ይገድላል፤ የሚበላው ግን ጥቂት ነው። በሩ ተሰብሯል? አልተሰበረም፤ መቀርቀሪያው እንደተዘጋ ነው። እንግዲያው በየት ተገባ? ከግድግዳው ጫፍና ከቆርቆሮው መካከል ከአራት ጣት የማትሰፋ ክፍተት አለች፤ ከሚስማሩ ላይም ግራጫና ጥቁር ጠጉር ተጣብቋል። ከሥሩ ባለው አመድ ላይ የታተመው ዱካ ትንሽ ነው፤ ክብ ነው፤ የጥፍር ምልክት የለውም። ቀበሮና ውሻ ጥፍራቸው ይታተማል፤ የፋሮም እንዲሁ። እንደ ድመት ጥፍሩን ሰብስቦ የሚሄደው ሸለምጥማጥ ነው።

ዱላ የያዙት ዝም አሉ። ሁሉም ግን አላመኑም፤ «መምህር ለሰላም ብሎ ነው» ያለም ነበር። በዚያው ሌሊት ስድስት ወጣቶች ባትሪ ይዘው ከጣራው ትይዩ አደፈጡ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ሁለት ዓይኖች በቆርቆሮው ጫፍ ላይ አበሩ፤ ከኋላቸውም ያ ባለ ቀለበት ጅራት ተጎተተ። የሄደበትን ቤት የማይረሳ ሌባ ነውና ተመልሶ መጣ። ወጣቶቹ ድንጋይ ወርውረው አባረሩት፤ ከዚያ ወዲያ ማንም የመምህርን ምስክርነት አልጠየቀም።

የነገሩ ጫፍ ግን ከዚህ በኋላ ነው። ወሬው ማዶ ተሻገረ። በሦስተኛው ቀን ከማዶው ብሎክ አንድ ሽማግሌ ከአስተርጓሚ ጋር መጡና «በዚህ ወር ሰባት ዶሮ ጠፍቶብናል፤ የናንተ ልጆች ናቸው ብለን ልንከስ ተሰናድተን ነበር» አሉ። ሁለት ብሎክ፣ በአንድ ሸለምጥማጥ ምክንያት፣ በየበኩሉ ዱላ ሲያሾል ከርሟል ማለት ነው። አውሬው ሁለታችንንም እያፈራረቀ ይበላል፤ እኛ እርስ በርስ እንጠባበቃለን። ጠላትን አለማወቅ ከጠላት የከፋ ነው የሚባለው ይህ ሲገጥም ነው።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ብሎኮች አንድ ላይ ሆነው የሠሩትን ለሌላውም ይጠቅማል ብለን እናካፍላለን። ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር ጥቂት ነው።

አንደኛ፣ የዶሮ ቤት ከመሬት እስከ ወገብ ከፍ ባሉ እግሮች ላይ ይቁም። እግሮቹ ላይ የዘይት ጣሳ ቆርቆሮ ልሙጥ ሆኖ ይጠቅለል፤ የአውሬና የእባብ እግርና ሆድ ልሙጥ ነገር ላይ መያዣ ያጣል። ቤቱ ከግድግዳ፣ ከአጥርና ከዛፍ ቅርንጫፍ ራቅ ይበል፤ ሸለምጥማጥ መዝለል ያውቃልና።

ሁለተኛ፣ ሁለት ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ሁሉ ይደፈን። ይህን ስንል አየር ይከልከል ማለታችን አይደለም። በዚህ አገር ሙቀት ዙሪያውን በቆርቆሮ የታሸገ የዶሮ ቤት ምጣድ ነው፤ አውሬ ያልገደላትን ዶሮ ሙቀት ይገድላታል። በሁለት ጎኑ ዓይኑ ጠባብ የሆነ የሽቦ ወንፊት ይመታ፤ ሽቦ የሌለው ቀጫጭን እንጨት ጠጋ ጠጋ አድርጎ ይምታ፤ ክዳኑ ላይም ሣር ይደረብ።

ሦስተኛ፣ ቤቱ መሬት ላይ የተሠራ ከሆነ በዙሪያው የአንድ ክንድ ስፋት ያህል ጠፍጣፋ ድንጋይ ይነጠፍ። ቀበሮ የሚቆፍረው ከግድግዳው ሥር ተጠግቶ ነው፤ ድንጋይ ከገጠመው ወደ ኋላ ሸሽቶ ከሩቅ መቆፈር አይሆንለትም።

አራተኛ፣ አጥር። እሾህ ስንፈልግ የቱርካናን ጎረቤቶቻችንን ግራር መቁረጥ የለብንም። ግራሩ የፍየላቸው መኖና የጥላቸው ዛፍ ነው፤ በማገዶና በእሾህ ምክንያት ብዙ ጠብ መነሣቱን የቆዩት ያውቃሉ። በየላጋው ዳር የተንሰራፋው፣ በኬንያ ማቴንጌ የሚባለው ዛፍ ግን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ከውጭ መጥቶ የተተከለና ዛሬ መሬቱን የወረረ ነው። እሾሁ ብርቱ ነው። እሱንም ቢሆን ከባለ አገሩ ጋር ተነጋግሮ፣ ከተቻለም ከነሱ ገዝቶ መውሰድ ይሻላል፤ ያን ጊዜ አጥሩ ከአውሬም ከጠብም ይጠብቃል።

አምስተኛ፣ ሰዓት። ከቀኑ 12 ሰዓት ሳያልፍ ዶሮዎቹ ተቆጥረው ይግቡ፤ በሩም ይቀርቀር። እንቁላል ውሎ አይደር፤ እንቁላል የለመደ እባብና ፋሮ ነገ ጫጩት ይፈልጋል። ጫጩቶች እንደ እናቶቻችን ሥርዓት የመጀመሪያውን ወር ቅርጫት ሥር ይክረሙ። ለጭላትና ለቁራ በጓሮው ላይ ቃጫ ወይም የተቀደደ መረብ ተሻግሮ ይወጠር፤ ዶሮዎቹ ሮጠው የሚገቡበት ዝቅ ያለ ዳስም ይሠራላቸው።

ስድስተኛ፣ ከሁሉ አጥብቀን የምንለው፣ መርዝ አይነካ። አንዳንድ ሰው ለተባይ የሚሸጠውን መድኃኒት ሥጋ ላይ ነስንሶ መጣል ይቃጣዋል። በኬንያ እንዲህ ያለ መርዝ አንበሳንና ጥንብ አንሣን በብዛት ጨርሷል፤ ሥጋውን ቀድሞ የሚያገኘውም ብዙ ጊዜ የታለመበት አውሬ ሳይሆን ውሻ ነው፤ ባዶ እግሩን የሚሮጥ ሕፃንም እጁን ሊያገባበት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የኬንያ የዱር እንስሳት ሕግም ያለ ፈቃድ አውሬ መግደልን በብርቱ ይቀጣል፤ ስደተኛ ደግሞ ከሕግ ጋር ለመጣላት አቅም የለውም። ደግሞስ ሸለምጥማጥ ከዶሮ ይልቅ አዘውትሮ የሚበላው አይጥ ነው፤ ፋሮም እባብ ይገድላል። ሁለቱ ቢጠፉ ዱቄታችንን የሚጨርሰው አይጥ፣ ከመኝታችን ሥር የሚገባውም እባብ ደስ ይላቸዋል። እኛ የምንፈልገው ሌባው እንዲሞት ሳይሆን በሩ እንዲዘጋበት ነው።

ይህ ሁሉ ከተሠራ በኋላ አንድ ዘብ ይቀራል፤ እሱም አውራ ዶሮ ነው። ብዙ ቤት ጩኸቱን እየጠላ፣ ጥሬውንም እየሰሰተ፣ ወንዱን ቶሎ ያርደዋል። ይህ ቁጠባ አይደለም። አውራ ዶሮ ለአየርና ለመሬት ጠላት ሁለት የተለያየ ድምፅ አለው። ጭላት ሲያይ ቀጭንና የተሳበ ድምፅ ያወጣል፤ ዶሮዎቹ ያን ሲሰሙ ዝቅ ብለው ወደ ጥላ ይሮጣሉ። ቀበሮ ወይም ውሻ ሲያይ ግን ደጋግሞ እየቆራረጠ ይጮኻል፤ ያን ጊዜ አንገታቸውን ቀና አድርገው ዙሪያውን ይቃኛሉ። ለአንድ ፍርሃት ሁለት ቃል አለው ማለት ነው።

ፒተር ማርለር የተባሉ ስለ እንስሳት ድምፅ ብዙ የመረመሩ ሳይንቲስትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከዚህ የሚያስደንቅ ነገር አሳይተዋል። በአውራ ዶሮ ላይ የጭላት ምስል በሰማይ ሲያሳልፉበት፣ አጠገቡ ዶሮ ካለች አብዝቶ ይጮኻል፤ ብቻውን ከሆነ ግን ጭላቱን እያየ እንኳ ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። የጭላቱ አደጋ በሁለቱም ጊዜ አንድ ነው፤ የሚለየው ሰሚ መኖሩና አለመኖሩ ነው።

ይህን ባነበብን ጊዜ ስለ ዶሮ ብቻ ለማሰብ አልተቻለንም። ከመካከላችን ስንቱ አደጋ አይቶ፣ የሚሰማው የለም ብሎ ዝም ብሏል? ከማዶው ብሎክ ሰባት ዶሮ ሲጠፋ እኛ አልሰማንም፤ ከኛ ዘጠኙ ሲገደሉ እነሱ አልሰሙም። በሁለቱ ብሎክ መካከል ያለው ርቀት የአውራ ዶሮ ጩኸት የሚደርስበት ነው። የጎደለው ድምፅ አልነበረም፤ አንዱ የሌላውን ጩኸት የራሱ ጉዳይ አድርጎ መስማቱ ነው የጎደለው።

ዛሬ የሌሊቱ ዘብ ከሁለቱም ብሎክ በየተራ ሁለት ሁለት ሰው ነው። አንዱ የነሱን ቋንቋ፣ ሌላው የኛን ይናገራል፤ «ሸለምጥማጥ» የሚለውን ቃል ግን ሁለቱም ያውቁታል፤ የነሱንም ስም እኛ ተምረናል። ዶሮዎቿ ያለቁባት እናት ከተረፉት ሦስቱ አንዷ ታቅፋላታለች፤ ከማዶው ሽማግሌ ቤትም ሁለት ቄቦች ተልከውላታል። የልጅቷ ደብተር ነገር ገና አላለቀም፤ እንቁላል አፉን ከፍቶ ለሚጠብቅ ሁሉ አይበቃምና።

ስለዚህ ይህን ገጽ ያነበበ ሁሉ ሁለት ነገር እንዲያደርግ እንለምናለን። ትርፍ የዘይት ጣሳ ወይም ቁራጭ የሽቦ ወንፊት ያለው፣ ለአንባቢያን ሰሌዳው ዳስ ይተው፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ ወጣቶቹ የሁለት መበለቶችን የዶሮ ቤት ስለሚሠሩ ይፈለጋል። ሁለተኛ፣ ገጹን አንብቦ አያስቀምጠው፤ ለቀጣዩ ቤት ያሳልፈው፤ አማርኛ ለማያነብ ጎረቤቱም በሚግባቡበት ቋንቋ በቃል ይንገረው።

ይቆየን።